ስለ አንዲት ዜሮ

ሰው ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ በመምህራኑ፥ በወላጆቹና በጓደኞቹ ፊት ማቅረቡ ደስ የሚያሰኝ ሥራ አይደለም። ቢሆንም የመጽሔታችን አዘጋጆች «ስለ ኮምፒዩተር አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ፥ የሌሎችን ብልሃት ከምተርክ የራሴን ስንፍና ብጽፍ ይሻላል ብዬ ዐሰብሁ። ነገሩ የተፈጸመው እዚሁ ቡታጅራ፥ በእኛው ሠፈር ዕድር ውስጥ ነው። የዕድሩንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ የሠፈሬ ሰዎች ግን ይህን ሲያነቡ ማን ማን እንደ ሆነ ማወቃቸው አይቀርም።

የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ፓይዘን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት በጥቂት ለምጄ ነበር። አባቴ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው። እሑድ እሑድ ከጸሐፊው ጋራ ተቀምጠው አንድ ወፍራም መዝገብ ይሞላሉ። ዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት የሚረዳዳበት ስለ ሆነ የአባሉ ቍጥር ብዙ ነው። አባል ይመጣል፤ የወሩን 50 ብር ይከፍላል፤ ጸሐፊው ስሙን ፈልገው በአንጻሩ ይጽፋሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ያንን ሁሉ ለመደመር ብዙ ቀን ይፈጃል። እኔም «ይህን በኮምፒዩተር እሠራላችኋለሁ» አልሁ። አባቴ ተጠራጠሩ፤ ጸሐፊው ሣቁ፤ የዕድሩ ዳኛ ግን «ልጁ ይሞክር» ብለው ፈቀዱ።

የመጀመሪያው እሑድ አልሰመረልኝም። ጸሐፊው በልማዳቸው «50 ብር» ብለው ጻፉ። ፕሮግራሜ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነበርና «ብር» የሚለውን ባየ ጊዜ ማንም ሊያነበው የማይችል የእንግሊዝኛ መዓት በስክሪኑ ላይ አፍስሶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ «ማሽንህ ታመመች እንዴ?» እያሉ ተሣሣቁብኝ። ጆሮዬ ጋለ። በዚያው ሌሊት ተቀምጬ አንድ ትንሽ መሥመር ጨመርሁ። መሥመሩ የሚለው «የተጻፈውን ወደ ቍጥር መለወጥ ካልቻልህ ዜሮ ነው ብለህ እለፍ» ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ፕሮግራሜ አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም። ጸሐፊውም ቍጥሩን ብቻ መጻፍ ለመዱ። እኔም በዚህ ኰራሁ፤ ለጓደኞቼም አወራሁ።

በሐምሌ ወር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወልቂጤ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። በዚያ ወር በአንዱ እሑድ ቡታጅራ ላይ ብርቱ ዝናብ ጥሎ ኖሯል። አባቴም ለቅሶ ሄደው ስለ ነበር ዕድር ቤት የተቀመጡት ጸሐፊው ብቻቸውን ነበሩ። የዚያን ቀን የመጣ አባል አንድ ብቻ ነው፤ እርሳቸውም በርበሬ እየቸረቸሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፥ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። የማረቆ በርበሬ ዋጋ ሲያገኝ ያጠራቅሙና የሦስቱን ወር መዋጮ ባንድ ጊዜ ይከፍላሉ። ጸሐፊው ብሩን ቈጥረው ተቀበሉ። ኮምፒዩተሩ ስም ለመጻፍ በአማርኛ ፊደል ላይ ተስተካክሎ ነበር። ጸሐፊው በልጅነታቸው በቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸውና ቍጥሩንም በለመዱት አኳኋን «፻፶» ብለው በግዕዝ ጻፉት። ማንም ልጅ ቢያየው መቶ አምሳ ነው ይላል። የእኔ ፕሮግራም ግን ማንበብ ስላልቻለ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ ዜሮ ብሎ መዘገበ።

የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚደረገው በመስቀል ሰሞን ነው። ለምን ቢሉ፥ በአዲስ አበባና በሌላም አገር ለንግድ የተበተነው የጉራጌ ሰው ያን ጊዜ ወደ አገሩ ስለሚገባ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰው የሞላበት ቀን ነበር። ዳኛው እኔ አትሜ የሰጠኋቸውን ወረቀት ይዘው ተነሡ፤ ሦስት ወር ያልከፈሉትን አባሎች ስም አነበቡ። የጎረቤታችንም ስም ተጠራ። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ከፍያለሁ። በሐምሌ በዝናቡ ቀን መጥቼ መቶ አምሳ ብር ከፍያለሁ» አሉ። ጸሐፊው ለዐይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ነበርና የሚመሰክር አልተገኘም። አንዱ ሰው ከኋላ «ኮምፒዩተር ይዋሻል እንዴ?» አለ። ሰዉም ሣቀ።

እኔ ላፕቶፑን ታቅፌ በበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ያን ጊዜ የማምነው ማሽኑን ነው። ዝም አልሁ። ጎረቤታችን ከመቀነታቸው ፈትተው 150 ብሩን እንደ ገና ከፈሉ፤ ቅጣቱንም ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ቡና ሲፈላ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔን በልጅነቴ አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጸሐፊው ተመለሱ። ነገሩን በሰሙ ጊዜ ወደ ጓዳ ገቡና አንድ የተማሪ ደብተር ይዘው ወጡ። ለካስ ማሽኑን ስላላመኑት፥ ለእኔም እንዳይከፋኝ ብለው በምስጢር፥ በጎን የራሳቸውን መዝገብ ይጽፉ ኖሯል! በሐምሌው እሑድ ላይ የጎረቤታችን ስም አለ፤ በአንጻሩ ፻፶ ተጽፏል። አባቴም በዚያ ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ሒሳቡ ሲዘጋ ከሣጥኑ የተገኘው ገንዘብ ከመዝገቡ 150 ብር በልጦ ነበርና «ትርፍ» ብለን መዝግበነው ነበር። ዕድር ከየት ያተርፋል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ሮጬ ፋይሉን ከፈትሁ። በፋይሉ ውስጥ ያለው 0 ብቻ ነው። ጸሐፊው የጻፉትን ቃል ፕሮግራሜ ጥሎታል፤ ስሕተቱን መርምሬ የማገኝበት ፍንጭ እንኳ አልተወልኝም።

የአጎቴ ልጅ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ይማራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወልቂጤ ወርጄ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርሁት። ይሥቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሣቀም።

«በፕሮግራምህ ውስጥ ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«አልከፈለም ማለት ነው፥ ጋሼ።»

«ማንበብ ያልቻልኸውንስ ምን ትለዋለህ?»

ዝም አልሁ። «እርሱንም... ዜሮ» አልሁ።

«እንግዲያው አንተ ሁለት ነገር በአንድ ጆንያ ከትተሃል። ‹ሴትየዋ አልከፈሉም› እና ‹እኔ አላወቅሁም› አንድ ነገር ናቸውን? አለማወቅህን በእርሳቸው ላይ ዕዳ አድርገህ ጻፍኸው።»

ይህ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ሐስከል ቋንቋና ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ስለሚባለው አሠራር የሰማሁት በዚያን ቀን ነው። ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፥ በ2011 ዓ.ም. አይ ኦ ኤች ኬ የተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያና ለኡጋንዳ ሴቶች አዲስ አበባ ላይ የሐስከል ትምህርት ሰጥቷል። ታናሽ እኅቴ ይህን በሰማች ጊዜ «ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችኝ።

አሁን የገባኝን ያህል ላስረዳ። የቡታጅራ ሰው ወፍጮ ቤት ያውቃል። የበርበሬ ወፍጮ ለብቻው ነው፤ የጤፍ ወፍጮም ለብቻው ነው። በርበሬ በተፈጨበት ጤፍ ቢያስፈጩ እንጀራው አይበላም። ሐስከል ለእያንዳንዱ ነገር ታይፕ የሚሉትን ዐይነት ይሰጠዋል፦ ይህ ቍጥር ነው፤ ይህ ጽሑፍ ነው። ፈንክሽን ማለትም እንደ ወፍጮ ነው፤ ምን ዐይነት እንደሚቀበልና ምን ዐይነት እንደሚያወጣ በግንባሩ ላይ ተጽፎ ይታያል። ኮምፓይለር የሚባለው መርማሪ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር በፊት ወፍጮ ቤቱን ሁሉ ይዞራል፤ የበርበሬው ቱቦ ወደ ጤፉ ወፍጮ ተቀጥሎ ካገኘ «አይሆንም» ብሎ ይመልሰዋል። ታይፕ ኤረር የሚሉት ይህ ነው። በፓይዘን ሳለሁ እንዲህ ያለው ስሕተት የሚገለጥልኝ በሽማግሌዎቹ ፊት ነበር፤ በሐስከል ግን ቤቴ ለብቻዬ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ለዐፋር ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን መርማሪው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ገበያተኛው አፉን አስሮ ያመጣው ጆንያ ነው። ሰው በኪቦርድ የሚጽፈው ሁሉ ሲገባ ጽሑፍ ነው። «150»ም ቢሆን፥ «፻፶»ም ቢሆን፥ «ነገ ይከፍላል»ም ቢሆን፥ ጆንያው ሳይፈታ አይለይም። ስለዚህ ጆንያውን በሩ ላይ የሚፈታ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሐስከል ውስጥ ሪድ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ጽሑፉን ቍጥር ሊያደርግ ይሞክራል፤ ካልሆነለት ግን ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ይህ እንደ መጀመሪያው እሑዴ ነው። ሪድሜይቢ የሚባለው ሌላው ግን ጨዋ ነው፤ ወይ «ጀስት 150» ብሎ ቍጥሩን ይሰጣል፥ ወይ «ናቲንግ» ይላል። ናቲንግ ማለት «የለኝም» ማለት ነው፤ ከዜሮ ጋራ ዝምድና የለውም። ሁለቱ ዐይነታቸው ልዩ ስለ ሆነ፥ ናቲንግ ሊሆን የሚችለውን ነገር ሳልፈታው እንዳለ ከሌላ ቍጥር ጋራ ልደምር ብል መርማሪው ይከለክለኛል።

ይህ ሐሳብ የቈየ ነው። ሮቢን ሚልነር የተባለው ሊቅ በኤድንበራ ሆኖ ኤም ኤል የሚባለውን ቋንቋ ከባልደረቦቹ ጋራ ያዘጋጀው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ሲሆን፥ ሐስከል ደግሞ በ1990 ወጣ፤ ስሙንም ያገኘው ከአሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ከሐስከል ከሪ ነው። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር በ1965 በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሪፈረንስ በሚባለው ነገር ቦታ ሁሉ ሳይታወቅ ሊቀመጥ የሚችል «ባዶ» አግብቶ ነበር፤ በ2009 ግን በሕዝብ ፊት ቆሞ ያንን ሥራውን የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ ነው ብሎ ጠራው። የእኔ የ150 ብር ነበረች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጥቂት ተጽናናሁ፤ የጎረቤታችን ፊት ትዝ ሲለኝ ግን መጽናናቱ አልቈየም።

በሐስከል እንደ ገና ልሠራው ተነሣሁ። እዚህም ላይ መጀመሪያ ወደቅሁ። ተንኰለኛ ሆኜ «በመጀመሪያ ፊደሎቹ ቍጥር መሆናቸውን ልጠይቅ፥ ከዚያ ያለ ሥጋት በሪድ ላንብባቸው» አልሁ። ኢዝነምበር የሚባለውን ፈንክሽን ፻ና ፶ ቍጥር ናቸው ወይ ብዬ ብጠይቀው «አዎን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የፊደላችን ቍጥሮች በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ከቍጥር ወገን ተጽፈዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ለሪድ ሰጠሁት፤ ፕሮግራሙ ወዲያው ሞተ። ለካስ ሪድ የሚያውቀው ከ0 እስከ 9 ያሉትን ብቻ ነው። ኢዝዲጂት የሚባለውን ብጠይቀው ኖሮ አስቀድሞ «አይደሉም» ይለኝ ነበር። «ቍጥር ነው» እና «እኔ ላነበው እችላለሁ» የሚሉት ሁለት ልዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያን ቀን ተማርሁ። ስለዚህ አስቀድሞ ጠይቆ ኋላ ማንበብን ተውሁና ማንበቡንና መጠየቁን አንድ ሥራ አደረግኋቸው።

ከዚያም የግዕዝን ቍጥር የሚያነብ ፈንክሽን በራሴ እጅ ጻፍሁ። ሥራው እንደ ፈራሁት አስቸጋሪ አልነበረም። ከ፩ እስከ ፺ ያሉት ይደመራሉ፤ ከ፻ በፊት ያለው ቍጥር በመቶ ይባዛል፤ ፊቱ ምንም ከሌለ መቶው ራሱ አንድ ጊዜ ይቈጠራል። ስለዚህ ፻፶ 150 ነው፤ ፪፻፶ም 250 ይሆናል። ሥራውን ስጨርስ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ በግዕዝ ቍጥር ውስጥ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ጸሐፊው በደብተራቸው ላይ ያልከፈለውን ሰው የሚያሳዩት ቦታውን ባዶ በመተው ነው፤ ያልገባቸውን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ከበው ይተውታል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቃል የሰማሁትን እርሳቸው ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

የጸሐፊውን ቀይ ክብ ለመምሰል ሜይቢ ብቻውን አልበቃኝም። ናቲንግ «የለኝም» ይላል እንጂ ምን ተጽፎ እንደ ነበረ አይናገርም። ስለዚህ ኢዘር የሚባለውን ያዝሁ። ይህኛው ሲሳካለት «ራይት» ብሎ ቍጥሩን ይሰጣል፤ ካልተሳካለት «ሌፍት» ብሎ ምክንያቱንና የተጻፈውን ቃል እንዳለ ያስረክባል። በመዝገቡ ውስጥም አንድ አባል በአንድ ወር ከሦስት ነገር አንዱን ይሆናል፦ የከፈለ ከነገንዘቡ፥ ያልከፈለ፥ ወይም ያልታወቀ ከነጽሑፉ። የዕዳ ዝርዝር የሚያወጣው ፈንክሽን ሦስቱንም መመለስ አለበት። ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዘዝሁት ኮምፓይለር ሦስተኛውን በረሳሁ ጊዜ «ይህንስ?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ሁለት ጊዜ ረስቼ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

የአጎቴ ልጅ ግን ሥራዬን ሲመረምር እንዳልታበይ አንድ ነገር አሳየኝ። ፍሮምሜይቢ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ «ናቲንግ ከሆነ ዜሮ አድርገው» ብለው ቢያዙት ያለ ምንም ተቃውሞ ያደርገዋል። መርማሪውም አይቃወምም፤ ዐይነቱ ልክ ነውና። የቀድሞው ጥፋቴ በሐስከልም በአንድ መሥመር ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው! ደግሞም ሪድሜይቢን «-50» ቢሰጡት በደስታ ይቀበላል፤ ለእርሱ ይህም ቍጥር ነው፤ ዕድር ግን ከዜሮ በታች መዋጮ አያውቅም። አሜሪካኖች ወደ ማርስ የላኩት መንኰራኵር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 የጠፋው አንደኛው ወገን በፓውንድ ሲያሰላ ሌላው በኒውተን ስለ ጠበቀ ነው። በሁለቱም ዘንድ ያለው ቍጥር ነበር። ስለዚህ እኔም ብርን ከተራ ቍጥር ለይቼ የራሱን ዐይነት ሰጠሁት፤ ከዜሮ የሚያንስ ነገር በሩ ላይ ይመለሳል። 150 ለማለት 1500 የጻፈውን ሰው ግን ይህም አያድነውም። ለእርሱ ፕሮግራሙ «አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር፤ ልክ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ በቀር ሌላ መድኀኒት አላገኘሁም።

ስለ ዜሮና ስለ አለማወቅ ማሰብ ከጀመርሁ ወዲህ ነገሩ በየቦታው ይታየኛል። በዚህ በቡታጅራ ዙሪያ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም አማካይነት ልደትና ሞት ከቤት ቤት እየተዞረ ይመዘገብ ነበር። የሴት አያቴን ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተወለድሁት» ነው የሚሉት። ጸሐፊው ይህን ሰምቶ በዕድሜው ቦታ ዜሮ ቢጽፍ አያቴ ትናንት የተወለዱ ሕፃን ሆኑ ማለት ነው።

በኅዳር ወር ዳኛው ጉባኤውን እንደ ገና ጠሩ። እኔም ወረቀት ይዤ ተነሥቼ፥ ጥፋቱ የማሽኑም የጸሐፊውም ሳይሆን የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ለጎረቤታችን 150 ብሩና ቅጣቱ ተመለሰላቸው። ከኋላ ሆኖ «ኮምፒዩተር ይዋሻል እንዴ?» ያለው ሰው በዚያ ቀን አልመጣም፤ ወይም መጥቶ ዝም ብሏል።

ከጉባኤው በኋላ ጸሐፊው አዲሱን ፕሮግራም ሊፈትኑ መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። መጀመሪያ «፻፶» ጻፉ፤ ማሽኑም «መቶ አምሳ ብር፤ ልክ ነው?» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው «ነገ ይከፍላል» ብለው ጻፉና ወደ እኔ ዘወር ብለው ጠበቁ። በስክሪኑ ላይ «‹ነገ ይከፍላል› የሚለውን እንደ ቍጥር ማንበብ አልቻልሁም፤ እባክዎ እንደ ገና ይጻፉ» የሚል ወጣ።

«‹እባክዎ› ማለቱ ደግ ነው» አሉ።

ጎረቤታችን ከበስተኋላችን ቆመው ሲመለከቱ ቈይተው የኅዳርን 50 ብር ከመቀነታቸው ፈትተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እኔ ስማቸውን ፈልጌ ጻፍሁ፤ ማሽኑም ጠየቀኝ፤ «ልክ ነው» አልሁት። እርሳቸው ግን አልሄዱም። ወደ ጸሐፊው ዞረው «አባባ፥ በደብተሩም ላይ ጻፉልኝ» አሉ። ጸሐፊው ደብተራቸውን ከካባቸው ሥር አወጡና ቀስ ብለው ፶ ብለው ጻፉ።